ምልክቱ እንዳይለቅ

ሰፈሩ «መቀስ» የሚል ስም ያወጣላት በሙያዋ ብቻ አይደለም። ልብስ ሰፊ በሰፈሩ ሞልቷል፤ አንዳቸውም መርፌ ወይም ክር ተብለው ሲጠሩ አልተሰማም። እሷ ግን ደንበኛ ገና ደጃፏን ሲረግጥ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አይታ፣ «ይሄን ሱሪ ከሰፋልህ ሰው ጋር ተጣልታችሁ ነበር እንዴ?» የምትል ሴት ናት። ሰውየው ይኮሳተራል፣ ከዚያ ይስቃል፣ በመጨረሻ ክንዱን ዘርግቶ ለልኬት ይቆምላታል። ምላሷ የሚቻለው ስፌቷ ስለሚያምር ነው።

ሱቋ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ የወረቀት ቅዶች፣ መስኮቱ ሥር ካውያ። በዚህ ቤት አንድ ሕግ አለ፦ እሷ በጠመኔ ያሰመረችውን ማንም አይነካም። አንዲት ደንበኛ አንድ ጊዜ «ወገቡን ትንሽ ላጥብበው ብዬ ነው» ብላ መስመሩን በገዛ እጇ አሻሽላው ነበር። ያው በዚያው ሰዓት ጨርቋን ታቅፋ ወጣች። «እዚህ ቤት ሁለት እጅ አይገባም እመቤት፤ ወይ ያንቺ ወይ የእኔ» ነው የተባለችው።

እንግዲህ ይህችው ሴት ናት አሁን በገዛ ደረቷ ላይ ሌላ ሰው ያሰመረባት።

ነገሩ የጡት ካንሰር ነው። ግራ ጡቷ በቀዶ ጥገና ተነሥቷል፤ ኬሞውም አልቋል፤ ጸጉሯ እንደ አዲስ ብሩሽ አጭርና ጥቅጥቅ ብሎ ብቅ ብሏል። የቀረው የጨረር ሕክምና ነው። በሆስፒታሉ ምድር ቤት ያለው የጨረር ባለሙያ ቀጭን፣ እርጋታው ሰው የሚያናድድ ወጣት ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን «ባለጨረሩ» ብላ ስም አወጣችለት። አጋድሟት፣ ለክቶ፣ ደግሞ ለክቶ፣ በሐምራዊ ብዕር ከአንገቷ ሥር እስከ ጎኗ መስመር አወረደባት፤ እዚህም እዚያም ትንንሽ መስቀለኛ ምልክት ጨመረበት።

«ጨረሩ የት እንደሚያርፍ የሚመራን ይሄ ነው» አላት። «ሳሙና አይንካው። ዘይት፣ ቅባት አይቀቡት፤ በፎጣ አይሹት። ከለቀቀ እንደገና ልኬት ነው፤ ለልኬት ደግሞ ወረፋ አለ።»

«ወንድሜ፣ መስመር ምን እንደሆነ ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

«ሙያዎ ምንድን ነው?»

«ያንተው ነው። እኔ ሰው አስተኝቼ አላሰምርም እንጂ።»

ባለጨረሩ ፈገግ አለ። እሷም በሆዷ፣ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ይሄ ልጅ ልብስ ሰፊ ቢሆን ይዋጣለት ነበር አለች። ከእሷ አፍ ለሚወጣ ምስጋና ይሄ ትልቁ ነው፤ ያውም አልወጣም።

የማሽኑ ክፍል በር እንደ ባንክ ካዝና ወፍራም ነው። ግራ እጇን ከራሷ በላይ ሰቅላ እንድትይዝ ያመቻቿትና ሁሉም ውልቅ ይላሉ። በሩ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ እሷና ማሽኑ ብቻ ናቸው። ማሽኑ ትልቅ ራሱን ቀስ ብሎ ያዞርና ቁልቁል ያያታል። ከጣሪያው ጥግ ካለች ድምፅ ማጉያ የባለጨረሩ ድምፅ ይመጣል፦ «አይንቀሳቀሱ፤ እንደ ወትሮዎ ይተንፍሱ።» እንደ ወትሮዎ! በየትኛው ወትሮዋ ነው እጇን ሰቅላ ብቻዋን ጉድጓድ ውስጥ የተኛችው?

ሰው ቢጠይቃት «ምን ያስፈራል፣ ጠረጴዛ ላይ መጋደም ነው» ትል ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። በሩ ሲዘጋ በከንፈሯ ሥር አንዲት ጸሎት ትጀምራለች። ልጅ ሳለች ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር አክስቷ አቅፋ በጆሮዋ የምትላት ናት፦ «ያሳደርከኝ አውለኝ፤ ያዋልከኝ አሳድረኝ፤ መሐሉን አንተ ታውቃለህ።» ይህችን እየደጋገመች ስትል ማሽኑ ዞሮ ዞሮ ያበቃል። ለማንም ግን አልተናገረችም። መቀስ እንደ ሕፃን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ተኛች እንዲባልባት አትፈልግም።

አክስቷን ደግሞ ሰፈሩ «ደወል» ይላታል። እናቷ ስትሞት ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ዛሬም ከሱቁ ጀርባ ባለው ክፍል አብራት ትኖራለች። ደወል የተባለችው በድምፅዋ ነው። ስትጸልይ ጎረቤት ሬዲዮኑን ይዘጋል፤ ለአክብሮት አይደለም፣ ዜናው ስለማይሰማው ነው። ለታመመ ትጸልያለች፣ ለተጣላ ትጸልያለች፣ ስልኩ ለጠፋበትም ትጸልያለች። ስልኩ የተገኘለት ሰው አለ ይባላል።

መቀስ ሆስፒታሉንና አክስቷን አታገናኝም። የሆስፒታሉን ነገር ለአክስቷ አትዘረዝርም፤ የአክስቷንም ጸሎት ለሐኪም አትናገርም። «ነጭና ቀለም ያለው ልብስ አንድ ላይ አይዘፈዘፍም» ትላለች። ስለዚህ ደወል የምታውቀው ልጅቱ ጠዋት ጠዋት «ሕክምና» ብላ እንደምትወጣና ጉልበቷ አልቆ እንደምትመለስ ብቻ ነበር። መስመሩንም አንገትጌው ከፍ ያለ ቀሚስ ሰፍታ ሸፍናዋለች። አበላሽታ የሰፋችው ልብስ ቢኖር እሱ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከሆስፒታል መጥታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አልጋዋ ላይ ተደፋች። የጨረር ድካም ሰው አይመርጥም። ደወል እንደ ልማዷ የሞቀ ውሃ በሳህን፣ ፎጣና የጸሎት ዘይቷን ይዛ ገባች፤ ክንዷ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንደ ልብ ስለማይዘረጋ ጀርባዋን የምታጥባት እሷ ናት። ቀሰቀሰቻት፤ አልነቃችም። ጫማዋን አወለቀችላት፣ በጀርባዋ አስተካክላ አስተኛቻት፣ አንገትጌዋን ከፈተች። መስመሩን አየች።

የመቀስ ደረት ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደንዝዟል፤ በመርፌ ቢወጉት አያውቅም። ስለዚህ በእንቅልፏ ውስጥ የተሰማት ነገር አንገቷ ላይ ለብ ያለ ውሃና የአክስቷ ድምፅ ብቻ ነበር። ድምፁ ይቆጣል፣ ይለምናል፣ ደግሞ ይቆጣል። ከዚያ በፊት እንዲያ ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ ወስዷት የሚያውቅ አይመስላትም። ስትነቃ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ ሐምራዊ ሆኗል። ፎጣውም ሐምራዊ ነው። ደረቷ ግን እንደ አዲስ ሳህን ጸድቶ በዘይት ያብረቀርቃል።

«ምን አደረግሽ?»

«ያን የመርገም ጽሕፈት አጠብኩልሽ» አለች ደወል፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች። «ተመልሰሽ ሄድሽ አይደል? እኔን ደብቀሽ ተመልሰሽ ሄድሽ!»

«የት ነው የሄድኩት?»

«ወደዚያ ሥር ማሽ ነዋ! በከሰል ከቦሽ በላዩ ቅጠል ለጥፎ ቆዳሽን እንደ ቆሎ የቆላሽ! አሁን ደግሞ ከሰሉን በቀለም ለወጠው?»

እንዲህ ያለ ታሪክ ነበር። እብጠቱን ያገኘችው ራሷ መቀስ ናት፤ ሜትሯን አንገቷ ላይ ስታንጠለጥል እጇን ገጨው። ከዚያ በኋላ ለወራት ሐኪም ቤት አልሄደችም። መጀመሪያ አክስቷ ጸለየችላት። ቀጥሎ ለአክስቷም ሳትነግር ወደ አንድ ሥር ማሽ ጓዳ ሄደች፤ እብጠቱን በከሰል ከቦ «ከዚህ መስመር አያልፍም» አላት። ቅጠሉ አቃጠላት፤ እብጠቱ መስመሩን አለፈ። ደወል ይህን ስትሰማ ሰውየው ደጅ ድረስ ሄዳ የሰጠችው ንግግር ዛሬም በሰፈሩ ይወራል።

ስለዚህ ደወል ሐምራዊውን መስመር ስታይ የታያት ከሰሉ ነበር። ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን ሳሙና ያነሣል። መቀስ ግን ይህን የማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

«የሐኪም ነው! የሆስፒታል ነው!» ብላ ጮኸች። «ማሽኑ በሱ ነው የሚያየኝ! መጀመሪያ በጸሎትሽ አዘገየሽኝ፣ አሁን ደግሞ በሳሙናሽ ደመሰስሽኝ!»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ራሷ ሲመለጥ በኬሞው ጊዜ በደንብ ታውቋታል፤ አፏ ሲያመልጥ ግን አልታወቃትም። ደወል ፎጣውን አጠፈች። አራት ማዕዘን እስኪሆን ድረስ ደግማ አጠፈችው። ሳህኑን አነሣች። በሩ ላይ ስትደርስ ሁሌ የምትላትን ያቺን ጸሎት ሳትል ወጣች። ያን ዕለት ጎረቤቶች ሬዲዮናቸውን ከፍተው አመሹ።

ቀጥሎ መቀስ የሠራችው ሥራ ከልብስ ሰፊ በቀር ማንም አይሠራውም። ሐምራዊ ብዕር ገዛች፤ ሜትሯን አወጣች፤ መስተዋት ፊት ቆመች። መስመሩን በየቀኑ አይታዋለች፤ የሰው ወገብ በዓይን የምትለካ ሴት የራሷን ደረት እንዴት ይጠፋታል? አሰመረች። መስቀለኛዎቹን በየቦታቸው አኖረች። ራቅ ብላ አየችው። ከባለጨረሩ ይበልጣል አለች፤ አልዋሸችም።

ባለጨረሩ በማግስቱ ጋውኗን ገለጥ አድርጎ አየና ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ።

«ምነው?» አለች።

«ይሄ የእኔ እጅ አይደለም።»

«በምን አወቅህ?»

«በጣም ያምራል።»

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«ልክ አይደለም።» ብርሃኑን አበራ፤ ከግድግዳው የወጣች ቀጭን ቀይ መስመር ደረቷ ላይ አረፈች። ከእሷ ሐምራዊ መስመር ጎን ለጎን ሄደች እንጂ አልገጠመችም። በመሐላቸው የጣት ወርድ የምታህል ክፍተት አለች። «ግራ ነው የታመሙት። ከዚህ ሥር ልብዎ አለ፣ ሳንባዎ አለ። እኔ በዚህ መስመር ማሽኑን አላስነሣም፤ ቢቆጡኝም አላስነሣም።»

መቀስ አፏን ከፈተች። ልትቆርጠው የምትችልበት ስድብ በምላሷ ጫፍ ነበር። ከዚያ በሱቋ በር ጨርቋን ታቅፋ የወጣችው ደንበኛ ትዝ አለቻትና አፏን ዘጋች።

«ደንበኛዬ መስመሬን ብታሻሽልብኝ አባርራታለሁ» አለች በመጨረሻ። «አንተ ግን አላባረርከኝም።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ትለኝ ነበር እናቴ። እንደገና እንለካለን፤ ወረፋውን እኔ እለምናለሁ።»

ለመነላትም። ሳምንቱ ሳያልቅ ለኩ፤ አዲሱ መስመር ወጣ። ለማንም ስታሳየው የማትኮራበት፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ግን ልክ የሆነ መስመር ነበር። ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብላ ተጋደመች። እጇን ሰቀለች። ሁሉም ወጡ። በሩ ተዘጋ።

ጸሎቷን ጀመረች። «ያሳደርከኝ አውለኝ...» ከዚያ ወዲያ አልመጣም። በአክስቷ ድምፅ ፈንታ የራሷ ጩኸት መጣባት፦ በሳሙናሽ ደመሰስሽኝ። ደግማ ሞከረች። ደመሰስሽኝ። ማሽኑ ራሱን አዞረ። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያዝ ስትለው ባሰበት፤ ትከሻዋ ተከተለው፤ ጥርሷ ተጋጨ።

«አቁመናል» አለ የጣሪያው ድምፅ። በሩ ተከፈተ። ባለጨረሩ ገብቶ እጇን ቀስ ብሎ አወረደላት።

«በርዶኝ ነው» አለች።

እንደገና ሞከሩ። እንደገና ቆመ። «ሲንቀሳቀሱ ጨረር አልሰጥም» አላት። «ነገ ጠዋት እንሞክር። ካልሆነ ሐኪሟ የሚያረጋጋ መድኃኒት ታዝዝልዎታለች፤ ነውር የለውም። ግን እስከ ዛሬ በምን ነበር የሚረጉት? እርስዎ እኮ ከሁሉ ጸጥ ብለው የሚተኙት ነበሩ።»

ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ሁልጊዜ ከእሷ ቀጥሎ የሚገባው ሽማግሌ አለ፤ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆርጥ የኖረ፣ አሁን አንገቱ ላይ እንደ እሷ የተሰመረበት። ድምፁ ከጉሮሮው እየተፋቀ ነው የሚወጣው፤ ቀልዱ ግን አልቀረበትም።

«ቶሎ ወጣሽ። ተበላሸ?»

«እኔ ነኝ የተበላሸሁት። ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ውስጥ ምን ያስባሉ?»

«እኔ? በአውቶቡሴ መሥመር እሄዳለሁ። በሩ ሲዘጋ ከዋናው ጣቢያ እነሣለሁ። ፌርማታ በፌርማታ። ማን እንደሚወርድ፣ ማን እንደሚሳፈር፣ ማን ሳይከፍል ሊያመልጥ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። መጨረሻው ሳልደርስ ያወርዱኛል። አንቺስ፣ መኪናሽ የት ቆመ?»

«የእኔዋን ሾፌር ሰድቤ አባረርኳት።»

ሽማግሌው በዚያ በተፋቀ ድምፁ ሳቀ። «በይ ሂጂና ለምኚያት፤ ያለ ሾፌር የሚሄደው ቁልቁለት ብቻ ነው።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ የምትል ሴት ይቅርታ ልትጠይቅ ስትሄድ መንገዱ ይረዝማል። መጀመሪያ ሱቋን ከፈተች፣ መቁረጫ ጠረጴዛውን ጠረገች፣ የተጠረገውን ደግማ ጠረገች። ከዚያ ወደ ጀርባ ዞረች። ደወል በሯን ገርበብ አድርጋ፣ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ የተቀደደ አንሶላ ትጥፋለች። መቀስ በሩ ላይ ቆመች። ስፌቱን አየች። ምላሷን መያዝ አልቻለችም።

«ይሄን ስፌት ማን ነው ያስተማረሽ?»

«አንቺን ያስተማረች» አለች ደወል ቀና ሳትል።

እውነት ነው። መርፌ ያስያዘቻት እሷ ናት። መቀስ ገብታ ከአጠገቧ ተቀመጠች፤ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ መርፌ ሰክታ ከዚያኛው ዳር ትሰፋ ጀመር። ሁለቱም ሥራቸውን እያዩ ለመናገር የተመቸ ሆነ።

«ያን ቃል ማለት አልነበረብኝም» አለች መቀስ።

«የትኛውን? የሳሙናውን ነው የጸሎቱን?»

«ሁለቱንም።»

«የሳሙናው እውነት ነው። አጥፍቻለሁ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የጸሎቱ ግን...» ደወል ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እኔ ጸልዪ አልኩሽ እንጂ አትሂጂ አላልኩሽም። አልኩሽ?»

«አላልሽም።»

«ታዲያ ለምን ነው የኔ ጸሎት ያዘገየሽ?»

መቀስ መርፌውን አቆመች። «ሐኪም ቤት ከሄድኩ እንደሚቆርጡኝ ገብቶኝ ነበር። አንቺ ስትጸልዪ ከኋላሽ ተደበቅሁ። ከመጋረጃ ጀርባ እንደሚቆም ልጅ።»

ደወል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «መቀስ ሆነሽ መቆረጥ ፈራሽ?»

«ፈራሁ።»

«እሰይ!» አለች ደወል፤ ከጎረቤት ውሻ ጮኸ። «ፈርቼ አላውቅም እያለች ስንት ዓመት አደከመችኝ እኮ ይቺ ልጅ! ደግሞ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ማንንም የማትለምኚ ሰው መጥተሽ ጸልዪልኝ ስትይኝ፣ ያን ጊዜ እጇን ይዤ ሐኪም ቤት ልውሰዳት አላልኩም። ይበቃታል አልኩ። ግን ለምን አልነገርሽኝም መስመሩ ምን እንደሆነ?»

«ነጭና ቀለም ያለው አንድ ላይ...»

«እኔ የትኛው ነኝ? ነጩ ነኝ ቀለሙ?»

መቀስ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ተለወጠና ፊቷን በአንሶላው ጠረገች። በማሽኑ ሥር ምን እንደምትል፣ ከዚያም እንዴት ቃሉ እንደ ጠፋባት ነገረቻት። ጸሎቱ ተቋረጠብኝ አለች።

«እኔ ዝም ስል ያቆምኩ መሰለሽ?» አለች ደወል። «ድምፄን ነው እንጂ ያቆምኩት፣ ጸሎቱን መች አቆምኩ። ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?»

በማግስቱ ደወል ወደ ምድር ቤቱ ኮሪደር ስትገባ የታመመም ያልታመመም ቀና ብሎ አየ። «ደህና ናችሁ?» ነበር ያለችው፤ ለሁሉም ባንድ ጊዜ። ከዚያ ባለጨረሩን ፊት ለፊት ያዘችው።

«አንተ ልጅ፣ ሳሙናዋ እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ?»

«መስመሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አሁን ምን እንደሆነ አሳየኝ።»

ባለጨረሩ አሳያት። እንደ ተማሪ አስቀምጦ አላስተማራትም፤ እንደ ነገሩ ባለቤት ነው ያሳያት። ጨረሩ ከዚህ ይገባል፣ በዚህ ይወጣል፣ ልቧን በዚህ በኩል ይተዋል አላት። ደወል በጣቷ ሳትነካ በአየር ላይ መስመሩን ተከተለችው።

«ይሄ አጥር ነው በለኛ!» አለች። «አጥሩን ነው ያፈረስኩት። ዘይቱስ? ዘይት አልቀባት?»

«እዚህ ላይ አይሆንም። ጀርባዋን፣ እጇን፣ ግንባሯን ይቀቧት፤ እኔ ምን ከለከልኩ።»

«ከለከልክ ብዬ ነበር እኮ የመጣሁት። ክርክር አዘጋጅቼ ነበር።»

መቀስ ተጋደመች። ጋውኑ አንገቷን ፈገፈጋትና እጇን ከመስቀሏ በፊት ጨርቁን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ አየችው። «ይሄን የሰፋው ሰው ከታማሚ ጋር ተጣልቶ ነበር እንዴ? ክንዱ እንደ ልብ የማይነሣለት ሰው በራሱ አጥልቆ ይልበስ ይላል!» ባለጨረሩ ይህን ሲሰማ ዛሬ ትረጋለች ብሎ አሰበ። እሷ ግን በሩ እስኪዘጋ ነው እንጂ አፏ ከዚያ እንደማያልፍ ታውቃለች።

በሩ ተዘጋ። ማሽኑ አየት አደረጋት። ክንዷ ላይ ያ ነገር፣ ያ ከውስጥ የሚጀምረው መርገፍገፍ፣ ሊመጣ ሲል ታወቃት። ከውጭ ባለጨረሩ በስክሪኑ እያያት ነው። ድምፅ ማስተላለፊያውን ወደ ደወል አዞረላት። «ሰው እዚህ ጋ ማቆም አልተለመደም፤ ለዛሬ ነው» አላት። «አንዴ ብቻ፤ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት።»

ደወል ወደ ማይኩ ጎንበስ አለች።

«ልጄ!!!»

ድምፅ ማጉያዋ አፏጨች። መቀስ ጠረጴዛው ላይ ልትዘል ምንም አልቀራት።

«እናቴ፣ ማይክ እኮ ነው» አለ የባለጨረሩ ድምፅ ከኋላ፣ «መጮህ አያስፈልግም።»

«ለሷ አላልኩም እኮ፣ ሰማዩ ሩቅ ነው ብዬ ነው። እዚህ ደግሞ ከምድር በታች ነን።»

መቀስ ሳቋ ከሆዷ ተነሣ። «አይሳቁ!» አለ ባለጨረሩ፤ የእሱም ድምፅ እየሳቀ ነበር። ሳቁ ትከሻዋን ነቅንቆ ነቅንቆ ወጣ፤ ሲወጣ ያን መርገፍገፍ ይዞት ሄደ። ከዚያ ከጣሪያው ጥግ የአክስቷ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ። እንዲህ ዝቅ ሊል እንደሚችል አታውቅም ነበር። ወይም ታውቅ ነበር፣ ነጎድጓድ በሚመጣበት በዚያ ዕድሜዋ፣ በጆሮዋ።

«ያሳደርከኝ አውለኝ። ያዋልከኝ አሳድረኝ። መሐሉን አንተ ታውቃለህ። ይሄም ልጅ ያውቃል፤ መስመሩን እሱ ነው ያሰመረው።»

ማሽኑ ራሱን አዞረ። መቀስ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነበር፤ ስክሪኑ ላይ እንደሚታይ ታውቃለች፤ ይታይ። ክንዷ ከራሷ በላይ በእጅ ተወስውሶ እንደ ተያዘ ጨርቅ ቦታውን ይዞ ቀረ። ማሽኑ አንዴ ከዚህ ወገን፣ አንዴ ከዚያ ወገን አያት። ሲያበቃ ገና ጸሎቷ መሐል ላይ ነበረች፤ ሳትጨርሰው አልተነሣችም።

ከዚያ በኋላ ደወል ሆስፒታሉን አልለቀቀችም። ወደ ማይኩ ተመልሳ አልተጠራችም፤ አላስፈለገምም። ጠዋት ጠዋት ከመቀስ ጋር ትመጣና አግዳሚው ላይ በትኬት ቆራጩ አጠገብ ትቀመጣለች። እሱ ፌርማታዎቹን ይነግራታል፤ እሷ በየፌርማታው ለሚወርዱት ትጸልያለች። መቀስም በሱቋ ግድግዳ ላይ አዲስ ቅድ ሰቅላለች፤ ፊት ለፊት የሚከፈት፣ ክንድ የማያስቸግር፣ አንገት የማይፈገፍግ ጋውን። መጀመሪያ ለራሷ ሰፋች። ቀጥሎ ባለጨረሩ አይቶ «እንዲህ ያለ ጋውን ሌሎችም ታማሚዎች ይፈልጋሉ» ሲላት፣ «መጀመሪያ ልኩን አምጣ፤ በዓይን ሲለኩ ምን እንደሚመጣ እኔና አንተ እናውቃለን» አለችው።

የመቀስ ሕክምና ሊያልቅ በተቃረበበት ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት ገና መስመሩ የተሰመረባት፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ከመለኪያው ክፍል ወጣች። ደወል ቦርሳዋን አንሥታ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ። አዲስ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሰው አለሽ ቤት? እናት? አክስት?»

«እናቴ አለች።»

«ትወድሻለች?»

«በጣም።»

ደወል ወደ መቀስ ዞር ብላ አየች፤ መቀስም ሜትሯን ከቦርሳዋ እያወጣች ነበር፣ የልጅቱን ትከሻ ወርድ ለጋውኑ በዓይኗ ሳይሆን በሜትር ልትለካ።

«በይ እንግዲያው ነገ ይዘሻት ነይ» አለች ደወል። «ዛሬ ግን ቤት ስትገቢ መጀመሪያ ሳሙናውን ደብቂባት።»